46 ጊጋ የት ገባ? ዲኤፍ፣ ዲዩ እና የዲስኩ ሽፋን አልስማማ አሉ

ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለዚህ ቤት። የዲስክ ሒሳብ አልገጥም ብሎኛልና የምታውቁ አፍታቱልኝ። ዲኤፍ የዲስኩን ጠቅላላና ቀሪ ቦታ የሚያሳየው ትእዛዝ ነው፤ ዲዩ ፋይሎቹ የያዙትን የሚደምረው።

ነገሩ የአንድ ፎቶና ኅትመት ቤት ሰርቨር ነው። ኡቡንቱው ሌላ ዲስክ ላይ ነው ያለው፤ ሥራው የሚቀመጥበት ዲስክ ለብቻው ነው፣ 1 ቴራ ተብሎ የተገዛ፣ ሙሉው አንድ ፓርቲሽን (ክፍልፋይ) ሆኖ በሊኑክሱ ፋይል ሲስተም በኤክስት4 ፎርማት የተደረገ። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦

ሽፋኑ ላይ፦ 1 ቴራባይት
ፓርቲሽኑ፦ 931.5 ጊጋ
ዲኤፍ፦ ጠቅላላ 916፣ የተያዘ 870፣ ቀሪ 0፣ አጠቃቀም 100%
ዲዩ፣ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ተሠርቶ፦ 810

916 ላይ 870 ሲቀነስ 46 ይቀራል፤ እሱ ግን ቀሪ 0 ይላል፤ ፋይል ልጻፍ ስለውም «ቦታ የለም» ብሎ ይመልሰኛል። ዲዩ ደግሞ ከዲኤፍ በ60 ጊጋ ያንሳል። የቪዲዮ መቀየሪያው ፕሮግራም ሎግ (የሥራውን ሂደት የሚጽፍበት ፋይል) እዚሁ ዲስክ ላይ አብጦ ስለነበር ትናንት አጥፍቼዋለሁ፤ ቀሪው ግን ከ0 ንቅንቅ አላለም። ዲስኩ ሊበላሽ ነው? ፎርማት ከማድረጌ በፊት ነው የምጠይቀው።

ጦሳ ሥር፣ ደሴ

አብሽር ወንድሜ፣ ፎርማት የሚያስደርግ ነገር የለም። ሁሉም ቁጥር እውነት ነው፤ የሚቆጥሩት ነገር ስለሚለያይ ነው የማይገናኙት። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በአማርኛ ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲኑ ነው የምታስገባቸው።

ከ1 ቴራ ወደ 931 የወረደው በቁናው ነው። ፋብሪካው በ1,000 ይሰፍራል፤ ለእሱ 1 ቴራ 1,000,000,000,000 ባይት ነው። ዲኤፍ በትንሹ ኤች ሲጠራ በ1,024 ይሰፍራል፤ 1,073,741,824 ባይት ሲሞላ ነው አንድ ጊጋ የሚለው። እህሉ ያው ነው፣ ቁናው ሰፋ። በትልቁ ኤች ብትጠራው እንደ ፋብሪካው በ1,000 ይሰፍርልሃል። ሲካፈል 931.3 ነው የሚመጣው፤ 1 ቴራ የሚባሉ ዲስኮች ግን ብዙውን ጊዜ 1,000,204,886,016 ባይት ስለሚይዙ 931.5 ታያለህ። ዊንዶውስም በ1,024 ሰፍሮ «ጂቢ» ብሎ ይጽፋል፤ ብዙ ሰው ሻጩ አጎደለብኝ የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከ931.5 ወደ 916 የወረደው የፋይል ሲስተሙ የራሱ ዕቃ ነው። ኤክስት4 ፎርማት ሲደረግ ለየ16,384 ባይቱ አንድ አይኖድ አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ አይኖድ የፋይሉ መዝገብ ነው፣ ባለቤቱ፣ ቀኑ፣ ፈቃዱ፣ ብሎኮቹ (ፋይሉ የሚቀመጥባቸው ባለ 4,096 ባይት ቁራጮች) የት እንዳሉ። አንዱ አይኖድ 256 ባይት ነው፤ ስለዚህ ከዲስኩ 1/64ኛ፣ ባንተው 14.6 ጊጋ ገደማ፣ ገና አንድ ፎቶ ሳይገባ በሠንጠረዥ ተይዟል። በዚህ ስፋት ላይ ጆርናሉ (መብራት ቢሄድ ፋይል ሲስተሙ እንዳይዛባ ለውጡ አስቀድሞ የሚጻፍበት) ሌላ 1 ጊጋ ይወስዳል። 931.5 ሲቀነስ 14.6፣ ሲቀነስ 1፣ 915.9 ነው። ዲኤፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚያጠጋጋ 916 ብሎ አሳየህ።

አሁን ወደ 46ቱ። ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ለዲኤፍ የሚሰጠው ሦስት ቁጥር ነው፦ ጠቅላላው፣ ባዶው፣ እና ተራ ተጠቃሚ ሊጽፍበት የሚችለው። ኤክስት4 ሲፈጠር ካልነገርከው በቀር ከጠቅላላው 5% ለሩት (ለሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ያስቀራል። የ931.5 አምስት በመቶ 46.6 ነው፤ የጠፋብህ እሱ ነው። ባዶ ነው፣ ግን ላንተ አይደለም፤ ለዘር እንደተለየ እህል ጎተራው ውስጥ አለ፣ ለዕለት አይወጣም። በሩት የሚሠራ ፕሮግራም ካለህ ግን ዲኤፍ 100% እያለም መጻፉን ይቀጥላል። «ቱንቱኤፍኤስ -ኤል» ብለህ የፓርቲሽኑን ስም ስጠው፤ የብሎኩን ብዛት፣ የተከለለውን እና ባዶውን ለየብቻ ይዘረዝርልሃል። እያንዳንዱን በ4,096 አባዛው።

ይህ ክልል ሥርዓተ ክወናው ላለበት ዲስክ ዋጋው ብዙ ነው። ዲስኩ በተጠቃሚ ፋይል ጢም ቢል እንኳ ሩት ገብቶ፣ ሎግ ጽፎ፣ የሚያጸዳበት ቦታ ያገኛል። ለዳታ ብቻ ለሆነ ዲስክ 46 ጊጋ ይበዛል። «ሱዶ ቱንቱኤፍኤስ -ኤም 1» ከፓርቲሽኑ ስም ጋር በል፤ ክልሉ ወደ 9.3 ጊጋ ይወርዳል። ዲስኩን ከማውንት ማውረድ (ከሲስተሙ ማላቀቅ) አያስፈልግም፣ ወዲያው ይሠራል፣ አንድም ፋይል አይነካም። 0 እንድታደርገው ግን አልመክርህም። ኤክስት4 ጢም ሲል ለአዲስ ፋይል ተያያዥ ብሎክ ማግኘት ያቅተዋል፤ ትልልቅ ቪዲዮ ተቆራርጦ ይቀመጥና ንባቡ ይዘገያል፤ በኋላ ቦታ ብታስለቅቅም የተቆራረጠው ፋይል እንደተቆራረጠ ይኖራል።

ሐይቅ ዳር

ጦሳ ሥር ያለው ልክ ነው፤ እኔ በ60ዋ ልግባ። ዲዩና ዲኤፍ አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላል እንጂ መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ዲኤፍ ፋይል አይቆጥርም። ቆጣሪ ያነባል። ኤክስት4 ዲስኩን በ128 ሜጋ ክፍል ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል 32,768 ብሎክ አለው፤ የትኛው እንደተያዘ የሚያሳይ ካርታም አለው። ካርታው 4,096 ባይት ነው፣ ለአንድ ብሎክ አንድ ቢት። ባንተ ዲስክ እንዲህ ያለ ክፍል 7,450 ገደማ ይኖራል። ብሎክ ሲያዝ ቢቱ ይበራል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል፤ ጎን ለጎን የባዶዎቹ ድምር በክፍልም በጠቅላላም ይስተካከላል። ዲኤፍ ያንን ድምር ነው የሚያነበው፤ ሚሊዮን ፋይል ቢኖርህም በዓይን ጥቅሻ የሚመልሰው ለዚህ ነው። ዲዩ ግን ከፎልደር ፎልደር እየዞረ በስም የሚያገኘውን ፋይል ሁሉ ይደምራል። ስም የሌለውን አያየውም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ፋይል ስታጠፋ የሚጠፋው ስሙ ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ ይዞት ከሆነ አይኖዱም ብሎኮቹም እስኪዘጋው ድረስ ይቆያሉ። ዲዩ ስሙን ስላላገኘ ዘለለው፤ ቆጣሪው ግን ብሎኮቹ ስላልተለቀቁ አልተነቃነቀም። ያጠፋኸው ሎግ 60 ጊጋ ነበር ብዬ እወራረዳለሁ።

«ሱዶ ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1» ብለህ እይ። ስማቸው ጠፍቶ የተከፈቱ ፋይሎችን ይዘረዝራል፤ የፕሮግራሙን ስም፣ የሂደት ቁጥሩን፣ መጠኑን። ካገኘኸው ፕሮግራሙን አጥፍተህ አስነሣው፤ ቦታው ወዲያው ይመለሳል። ቪዲዮ እየቀየረ ስለሆነ አሁን ማቆም ካልቻልክ ይዘቱን ብቻ ማፍሰስ ይቻላል፦ የሂደት ቁጥሩ 4312፣ የፋይሉ መያዣ ቁጥር 7 ቢሆን «ትራንኬት -ኤስ 0 /ፕሮክ/4312/ኤፍዲ/7»። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፤ ከ7 ይልቅ 8 ብትል እየተሠራ ያለውን ቪዲዮ ነው ባዶ የምታደርገው።

ወደፊት የሚሠራ ፕሮግራም ሎግ አታጥፋ፤ እዚያው ባዶ አድርገው። ሎግ የሚያዞረው ፕሮግራም ከተጫነም ቀድቶ ባዶ የማድረጉን አማራጭ ምረጥለት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ፕሮግራሙ ሎጉን በመጨመሪያ መንገድ (ሁልጊዜ ከፋይሉ መጨረሻ ላይ እንዲጽፍ) ካልከፈተው ባዶ ከሆነም በኋላ ከቆመበት 60ኛው ጊጋ ላይ ነው መጻፉን የሚቀጥለው። ያን ጊዜ «ኤልኤስ -ኤል» 60 ጊጋ ይላል፣ ዲዩ ጥቂት ኪሎ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መሀሉ ጉድጓድ ነው፣ ብሎክ አልተሰጠውም።

ኤልኤስኦኤፍ ምንም ካላሳየህ ማውንት ከተደረገበት ፎልደር ሥር ፈልግ። ዲስኩ ሳይያያዝ ፕሮግራም ወደዚያ ፎልደር ጽፎ ከሆነ ፋይሉ ዋናው ዲስክ ላይ ተቀምጦ ከላይ በመጣው ዲስክ ይሸፈናል። «ማውንት --ባይንድ» ብለህ ሥሩን ሌላ ፎልደር ላይ ግለጠው፣ ከዚያ በዲዩ ቁጠረው። ይህ የሚያሞላው ግን ዋናውን ዲስክ ስለሆነ ባንተ ጉዳይ ያለ አይመስለኝም።

ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ

አላህ ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ኤልኤስኦኤፍ ላይ አንድ ፋይል ወጣ፣ 60 ጊጋ፣ የያዘው ያው የቪዲዮ መቀየሪያው። አጥፍቼ አስነሣሁት፣ ክልሉንም ወደ 1% አወረድኩት። አሁን ዲኤፍ ጠቅላላ 916፣ የተያዘ 810፣ ቀሪ 97፣ አጠቃቀም 90% ይላል። ሥራው ቀጥሏል።

ግን 810 ለ916 ሲካፈል 88.4% ነው። 90 ከየት መጣ?

ጦሳ ሥር፣ ደሴ

ዲኤፍ በጠቅላላው አያካፍልም። የተያዘውን የሚያካፍለው ለተያዘውና ለቀሪው ድምር ነው፤ የሩት ክልል ከሒሳቡ ውጪ ይሆናል። 810 ለ906.6 ሲካፈል 89.3 ነው፣ ወደ ላይ ሲያጠጋጋው 90። እንዲህ የተደረገው ተራ ተጠቃሚው መጻፍ ሲያቅተው ፐርሰንቱ 100 እንዲል ነው። ማስጠንቀቂያ የሚልክ ስክሪፕት ካለህ ከጠቅላላው ላይ የተያዘውን እየቀነስክ ራስህ አታስላ፤ የቀሪውን ዓምድ በቀጥታ አንብብ። በፓይተን ብትጽፈውም «ስታትቪኤፍኤስ» ውስጥ «ኤፍ_ቢፍሪ» ሩት የሚያየው ባዶ ነው፣ «ኤፍ_ቢአቬይል» ተጠቃሚው የሚያገኘው። ሁለቱን የሚያቀያይር ስክሪፕት 46 ጊጋ አለ እያለ ዲስኩ ይሞላል።

እታለም፣ ወልድያ

አውፍ በሉኝ በሰው ጥያቄ መሀል ስለገባሁ። የእኔም «ቦታ የለም» ነው የሚለው፤ ግን ዲኤፍ ላይ 40% ባዶ ነው፣ ክልሉም አይደለም፣ በሩትም እምቢ ይላል። 20 ጊጋ የሆነ የኪራይ ሰርቨር ነው፣ ኤክስት4፣ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ድረ ገጽ በፒኤችፒ የሚሠራበት።

ሐይቅ ዳር

እህቴ፣ ያለቀብሽ አይኖዱ ነው። «ዲኤፍ -አይ» በዪ፤ 100% ያሳይሻል።

ከላይ ጦሳ ሥር እንዳለው አይኖዱ ፎርማት ሲደረግ ነው ተቆጥሮ የሚቀመጠው። 20 ጊጋ ለ16,384 ሲካፈል 1,310,720 ነው፤ ከዚያ በላይ አንድም ፋይል አይፈጠርም፣ ባዶ ፋይል እንኳ። ለሩት የሚከለል አይኖድ ስለሌለ እሱም አይጽፍም። ፒኤችፒ ለእያንዳንዱ ጎብኚ አንድ ትንሽ የሴሽን ፋይል (የጎብኚውን ቆይታ የሚይዝ) ይፈጥራል፤ ማጽጃው ካልሠራ ሚሊዮን መድረስ አይከብደውም። ሳይደርሱ የቀሩ ኢሜይሎች ወረፋና የድረ ገጹ ካሽም (ጊዜያዊ ቅጂዎቹ) ይህንኑ ያደርጋሉ።

የትኛው ፎልደር እንደሆነ «ዲዩ --አይኖድስ -ኤክስ» ከሥሩ ጀምሮ ይነግርሻል፤ ባይትን ትቶ አይኖድ ነው የሚቆጥረው። ካገኘሽው በኋላ «አርኤም» ከኮከብ ጋር አትሞክሪ፤ ሼሉ ኮከቡን ወደ ሚሊዮን ስም ይዘረጋውና የትእዛዙ ዝርዝር ረዘመ ብሎ ይቆማል። «ፋይንድ» ፎልደሩን ስጪና «-ታይፕ ኤፍ -ኤምታይም +7 -ዲሊት» በዪ፤ ከሳምንት በላይ የቆዩትን ብቻ አንድ በአንድ ያጠፋል። መጀመሪያ «-ዲሊት»ን ሳትጨምሪ አስኬጂው፣ የሚጠፋውን እዪ። «-ዲሊት» ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ትሁን፤ ከፊት ከገባች ማጣሪያዎቹን ሳታይ ሁሉንም ታጠፋለች።

የአይኖዱን ብዛት በነበረው ስፋት ላይ መጨመር አይቻልም። ፓርቲሽኑን አስፍተሽ ፋይል ሲስተሙን ካሳደግሽው አዲስ የሚመጡት ክፍሎች የራሳቸውን አይኖድ ይዘው ይመጣሉ፤ ካልሆነ እንደገና ፎርማት አድርጎ «-አይ 4096» ማለት ነው፣ አይኖዱን አራት እጥፍ ያደርገዋል። ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ግን አይኖድን ሲያስፈልገው ነው የሚሠራው፤ ጥቃቅን ፋይል ለሚበዛበት ሰርቨር እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

የገራዶ ልጅ

ኮምቦልቻ ያለኸው ወንድም፣ ፎቶ ቤት ከሆነ ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣልና ስለዚያም ልጨምር፤ እዚያ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ፍላሹ 20 ጊጋ ባዶ እያሳየ 6 ጊጋ የሰርግ ቪዲዮ አልቀበልም ካለ ፎርማቱ ፋት32 ነው። በፋት32 የአንድ ፋይል ጣሪያ ከ4 ጊጋ አንድ ባይት ያነሰ ነው፤ ባዶው ቦታ የቱንም ያህል ቢሆን አይጠቅምም። ዳታውን ገልብጠህ በኤክስፋት ፎርማት አድርገው። ኤክስፋት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከ32 ጊጋ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ ካልነገርከው ክላስተሩን (ለፋይል የሚሰጠውን ትንሹን ቁራጭ ቦታ) 128 ኪሎ ያደርገዋል፤ አንድ ፋይል የቱንም ያህል ቢያንስ አንድ ሙሉ ክላስተር ይይዛል። 10 ኪሎ የሆኑ 20,000 የመታወቂያ ፎቶዎች በመጠን 200 ሜጋ አይሞሉም፤ ፍላሹ ላይ ግን 2.4 ጊጋ ይወስዳሉ። ዊንዶውስ ላይ ፕሮፐርቲስ ስትከፍት «መጠን» እና «ዲስክ ላይ ያለው መጠን» ብሎ ሁለት የሚጽፈው ይህንን ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከሆነ አንድ ዚፕ ውስጥ ክተተው።

ሲጻፍበት መብራት ሄዶ ወይም ፍላሹ ተነቅሎ ቀሪው ቦታ የተዛባ እንደሆነም ምክንያት አለው። ፋት32 የባዶ ክላስተሮችን ድምር በአንዲት ሴክተር ላይ ለብቻው ይጽፋል፤ ጆርናል የለውም። ጽሑፉ ከተቋረጠ ዋናው ሠንጠረዥና ድምሩ ይለያያሉ። ሊኑክስ ይህን ስለሚያውቅ ካልነገሩት በቀር ድምሩን አያምንም፤ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ይቆጥራል፤ ትልቅ ፍላሽ ላይ የመጀመሪያው ዲኤፍ የሚዘገየው በዚህ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ቼክዲስክ» ከድራይቩ ፊደል ጋር «/ኤፍ» ብለህ አስኬደው፤ ባለቤት አልባ የሆኑ ክላስተሮችንም ይመልሳል።

በዊንዶውሱ ፋይል ሲስተም በኤንቲኤፍኤስ ላይ ደግሞ ፎልደሮቹን ሁሉ መርጠህ ስትደምር ከተያዘው በብዙ ጊጋ ካነሰብህ የመመለሻ ነጥቦቹን (ዊንዶውስ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስ የሚያስቀምጣቸውን) ተመልከት። የሚቀመጡት ለተራ ተጠቃሚ በማይከፈት ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ድምሩ ውስጥ አይገቡም። አድሚን ሆነህ «ቪኤስኤስአድሚን ሊስት ሻዶውስቶሬጅ» ብትል ስንት እንደያዙና ጣሪያቸው ስንት እንደሆነ ይነግርሃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሰው ትዝታ የሚጠፋበት ሐሰተኛው ፍላሽ ነው። 16 ጊጋ ቺፕ ያለው ፍላሽ ተቆጣጣሪው ላይ 1 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጎ ይሸጣል። ፋይል ሲስተሙ ቺፑን ሄዶ አይለካም፤ ተቆጣጣሪው የነገረውን ነው የሚያምነው፤ ስለዚህ ቀሪውም ፐርሰንቱም እውነት ይመስላል። 16ቱ ካለፈ በኋላ የሚጻፈው አንድም ይጣላል፣ አንድም የፊተኛው ላይ ይደረባል፤ የፋይሎቹ ስምና መጠን ይታያል፣ ሲከፈቱ ግን ምስል የለም። ዲኤፍም ዲዩም አያጋልጡትም። የሚያጋልጠው ሞልቶ መልሶ ማንበብ ብቻ ነው፦ ሊኑክስ ላይ «ኤፍ3ራይት» ከዚያ «ኤፍ3ሪድ»፣ ዊንዶውስ ላይ «ኤችቱቴስትደብሊው»። ፍላሹ ባዶ ሳለ፣ የደንበኛ ፎቶ ሳይገባበት ነው የሚሠራው፤ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ አስጀምረው።

ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀጣዩን ዲስክ በቢቲአርኤፍኤስ፣ በሌላኛው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም፣ ላድርገው ብል ዲኤፍ እንደዚሁ ይታመናል?

ጦሳ ሥር፣ ደሴ

እዚያ ግምት ነው የሚሰጥህ። ቢቲአርኤፍኤስ ዲስኩን ለዳታና ለሜታዳታ (ለፋይሎቹ መዝገብ) በትልልቅ ክፍሎች ይከፋፍላል፤ የሜታዳታው ሞልቶ የሚከፈልለት ጥሬ ቦታ ካጣ ዲኤፍ ብዙ ጊጋ እያሳየ «ቦታ የለም» ሊል ይችላል። ስናፕሾት (የፋይሎቹን የዚያን ጊዜ ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ) ካነሣህም ፋይል ብታጠፋ ስናፕሾቱ እስካለ ድረስ ብሎኩ አይለቀቅም። እዚያ የሚታየው «ቢቲአርኤፍኤስ ፋይልሲስተም ዩሴጅ» ነው፤ ያልተከፈለው የሚለውን መስመር ተከታተል። እሱ ወደ 0 ሲጠጋ «ቢቲአርኤፍኤስ ባላንስ ስታርት -ዲዩሴጅ=10» ብለህ ከ10% በታች የተያዙትን የዳታ ክፍሎች አጥፈህ ቦታ አስመልስ፤ ካልበቃ 20፣ ከዚያ 30 እያልክ ውጣ። ፈጽሞ እስኪሞላ አትጠብቅ፤ ባላንሱ ራሱ ለመሥራት ባዶ ቦታ ይፈልጋል።